«ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲሉን

የትራንስፖርት ኮሚቴው በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ሚኒባሳችን የጥገና ወጪ ነው። ሒሳብ ያዣችን ባለፈው ስብሰባ ሪፖርቷን ስታነብ «ለፍሪሲዮን» የምትለዋ መስመር ላይ ስትደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመካከላችን አንዲት እናት «ፍሪሲዮን ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው? በዓመት ስንቴ ነው የሚበላው?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቻችን ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ገንዘቡ እንጀራ በመጋገር፣ በርበሬ በመቀንጠስና ጥጥ በመፍተል የተጠራቀመ ነው። የመኪናዋ ባለቤቶች እኛ ከሆንን ገንዘባችን የገባበትን ማወቅም የእኛው ሥራ ነው። ስለዚህ መልሱን በሁለት ቃል ከመቁረጥ ይልቅ ሰፋ አድርገን ልናስረዳችሁ መጣን። የራሳችሁ መኪና ያላችሁ፣ ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ታክሲ የሚነዳ እህቶችም ለቤታችሁ የሚሆን ነገር አታጡበትም።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። «ፍሪሲዮን» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ መፋተግ፣ መተሻሸት ማለት ነው። አብዛኛው የጋራዥ ቋንቋችን የዚያው ዘር ነው፦ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ። ሰፈራችንም «ፒያሳ» የተባለው በዚያው ቋንቋ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። አሮጊቶቻችን ግን እስከ ዛሬ «አራዳ» ማለትን አልተዉም፤ እኛም ደስ ይለናል። ለጊዜው «መተሻሸት» የሚለውን ትርጉም ያዙልን፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው።

እስቲ ሁለት መዳፋችሁን ግጠሙና በመካከላቸው መሐረብ አስገቡ። አጠገባችሁ ያለችው እህት የመሐረቡን ጫፍ ትያዝላችሁ። መዳፋችሁን አጥብቃችሁ ገጥማችሁ እጃችሁን ወደ ራሳችሁ ብትስቡ መሐረቡ ይከተላል፤ እህታችሁንም ይዞ ይመጣል። መዳፋችሁን ላላ ብታደርጉት እጃችሁ ይመጣል፣ መሐረቡ ይቀራል። ፍሪሲዮን ማለት ይኸው ነው። ሁለቱ መዳፎች ከሞተሩ ጋር አብረው የሚዞሩ ሁለት ብረቶች ናቸው። አንደኛው ከሞተሩ ጀርባ የታሰረ ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ሁለተኛው መካኒኮች ፕሬዠር ፕሌት የሚሉት፣ በጠንካራ ሞላ የሚጫን ሰሌዳ ነው። መሐረቡ ደግሞ ሸራው ነው። ሸራው በካምቢዮው በኩል ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ አንድ ቤሪንግ ሞላውን ይገፋዋል፤ ሰሌዳው ላላ ይላል፤ ሸራው ነጻ ይሆናል፤ ማርሽ ይገባል። እግሩን ሲያነሣ መዳፎቹ መልሰው ይገጥማሉ።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሞተር አንዴ ከተነሣ መዞሩን ስለማያቆም ነው። ጎማው ግን ሰው ሲሳፈር፣ መብራት ሲይዝ፣ አህያ መንገድ ስታቋርጥ መቆም አለበት። ቆሞ በተነሣ ቁጥር ሸራውና ብረቱ ለአፍታ ይተሻሻሉ። በተሻሹ ቁጥር ሸራው ትንሽ ትንሽ ይበላል። እንግዲህ «ስንቴ ይበላል?» ላሉት እናታችን መልሱ «በየቀኑ ይበላል» ነው። የሚለያየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። (አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው መኪኖች፣ ለምሳሌ ከተማውን የሞሉት አብዛኞቹ ቪትዞች፣ የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ንግግራችን እነሱን አይመለከትም።)

የእኛ ሰፈር ደግሞ ሸራ የሚበላ ሰፈር ነው። ከአራት ኪሎ ስትመጡ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ትወርዳላችሁ፤ ከድልድዩ እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት ሁላችሁም በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። ከለገሃር በኩል ከመጣችሁ ቸርችል ጎዳና አለ፤ ጥቁር አንበሳን አልፎ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመችውን የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ዞሮ፣ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ሽቅብ ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ላይም ቢሆን ሜዳ የለም። ዳገቱ ላይ የትራፊክ ሰልፍ ሲኖር መኪናው በየሦስት ሜትሩ ቆሞ ይነሣል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ዐሥር በመቶ ያህሉን ያጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲወርድ ብርቱ የነበረ ሞተር ፒያሳ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። ሹፌሩም ያንን ለማካካስ ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል፤ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ይነሣል። የሚቃጠለው ሸራው ነው።

ሚኒባሷ ምን እንደምትሠራልን ለደጋፊዎቻችን እናስታውስ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንጀራ ወደ ሆቴሎችና ሱቆች ታደርሳለች። ከዚያ በውል የያዘቻቸውን ተማሪዎች ትወስዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ትመልሳለች። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ ከዶሮ ማነቂያና ከእሪ በከንቱ የተነሡ አባሎቻችን ዛሬ ራቅ ካሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው የሚመጡት። እነሱ የጋገሩትን የምታመጣው እሷ ናት። ድሮ በእጅ ተሸክመን ሰባ ደረጃን ወጥተን የምናደርሰው እንጀራ አሁን ያለ መኪና አይደርስም። አንድ ቀን ከቆመች የዚያን ቀን እንጀራ በማግስቱ በሙሉ ዋጋ የሚወስደው የለም። ሦስት ቀን ከቆመች ደግሞ ወላጆች ሌላ ሰርቪስ ይፈልጋሉ፤ የፈረሰ ውል ለመመለስ አንድ የትምህርት ዓመት ይፈጃል።

አሁን ወደ ደረሰብን ነገር እንግባ። ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ተብለናል። አንደኛው እውነት አልነበረም፤ ሁለተኛው እውነት ነበር።

የመጀመሪያው በክረምት ነው። ራስ መኮንን ዳገት ሥር ሹፌራችን ፔዳሉን ሲረግጠው እንደ ጭቃ ወደ ወለሉ ሰመጠ፤ በእግሩ ጣት ካላነሣው በቀር አይመለስም። ማርሽ አልገባም አለ፤ በግድ ሲያስገባው ይንጫጫል። ተጎትታ አንድ ጋራዥ ገባች። የጋራዡ ሰው አንዴ ፔዳሉን ረግጦ፣ ሥሯን እንኳ ሳያይ፣ ለኮሚቴያችን አባል «እማማ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮ ወርዶ ሙሉው ይቀየር» አላቸው። የጠራው ዋጋ የሁለት ወር ትርፋችንን የሚወስድ ነበር። ከአባሎቻችን መካከል ተግባረ ዕድ የአውቶ መካኒክ ትምህርት የተማረች አንዲት ልጃችን አለች፤ እሷን ጠራናት። መጣችና ሹፌሩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ወደ ኋላ ቀርታብዎት ታውቃለች?» እሱም «በፍጹም፤ ትላንት እንኳ ሙሉ ጭኜ በሦስተኛ ወጥቼያለሁ» አላት። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ የፍሪሲዮን ዘይቱን ዕቃ አየች፤ ባዶ ነው። ሥሯ ገብታ የታችኛውን ትንሽ ፓምፕ ነካች፤ እርጥብ ነው። ጎሚኒው አርጅቶ ዘይቱ እየፈሰሰ ኖሯል። ጎሚኒው ተቀየረ፣ አዲስ ዘይት ተሞላ፣ አየሩ ተነፈሰ፤ ሚኒባሷ በማግስቱ እንጀራ ጫነች። ያው «አልቋል» የተባለው ሸራ ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቶልናል።

ሰውየው ሌባ ነው አንልም። ሳይፈትሽ ፈረደ፤ እኛም ዝም ብንል ኖሮ ይፈጸምብን ነበር። ልጃችን ያቀረበችው ጥያቄ ግን ሁላችንም ልንይዘው የሚገባ ነው። የፍሪሲዮን ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አለመያዝ ነው፤ መዳፉ ተገጥሞ ሳለ መሐረቡ ያመልጣል። ሁለተኛው አለመልቀቅ ነው፤ መዳፉ ላላ ሊል ሲገባው አይልም፤ ማርሽ አይገባም፣ በተለይ አንደኛና የኋላ ማርሽ ይንጫጫል። አለመያዝ ሲሆን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ላይ ነው፤ ካምቢዮ መውረዱ አይቀርም። አለመልቀቅ ሲሆን ግን ከውጭ የሚታዩት ነገሮች ይቅደሙ፦ ዘይቱ ጎድሏል? ፓምፖቹ ያንጠባጥባሉ? በገመድ የሚሠራ ከሆነ ገመዱ ላልቷል? እነዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚስተካከሉ ናቸው። እነሱ ደህና ሆነው ሕመሙ ከቀጠለ ነው ውስጡን መጠርጠር። «አልይዝ አለ ወይስ አልለቅ አለ?» ይህችን ጥያቄ የምታውቅ ሴት ጋራዥ ውስጥ በሌላ ዓይን ትታያለች፤ ይህን በዓይናችን አይተናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። የፍሪሲዮን ዘይት የሚባለው ያው የፍሬን ዘይት ነው፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይም ሁለቱ ከአንድ ዕቃ ይቀዳሉ። ስለዚህ ዘይቱ ሲጎድል ሞልቶ መሄድ መፍትሔ አይደለም። የት እንደሚፈስ ሳይታወቅ ተማሪ መጫን አይገባም።

ሁለተኛው ጊዜ ድንገት አልመጣም፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ያስተዋለው ሹፌሩ ሳይሆን ከፊት ወንበር የምትቀመጠው እንጀራ አስረካቢያችን ናት። «ሞተሩ ይጮኻል፤ እኛ ግን አንሄድም» አለች። ቸርችልን በአራተኛ ማርሽ ሲወጡ፣ ነዳጅ ሲጨመር፣ የሞተሩ ድምፅ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን ባለበት ነው። ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ደህና ትሆናለች። ማለቅ የጀመረ ሸራ መጀመሪያ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ በትልቅ ማርሽ፣ በዳገት፣ በጭነት። በትንሽ ማርሽ የማርሹ ጥርስ ጉልበቱን ስለሚያበዛው ሸራው ላይ የሚያርፈው ጫና ያንሳል። ስለዚህ «አንደኛ ላይ ደህና ናት» የሚል መልስ አያጽናናን። ከሳምንታት በኋላ ሽታው መጣ። የሸራ ሽታ የነዳጅ ወይም የዘይት ሽታ አይደለም፤ እሳት የነካው ጨርቅና ላስቲክ ተቀላቅሎ ይሸታል፤ ዳገት ላይ የኋላ ማርሽ ከተሠራ በኋላ ይብሳል። በገመድ የሚሠሩት ላይ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ፦ ድሮ እግር መሐል ሲደርስ ትይዝ የነበረችው መኪና አሁን እግሩ ጫፍ ላይ ሊያልቅ ሲል ነው የምትይዘው። በዘይት የሚሠሩት ግን ክፍተቱን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህን ላያሳዩ ይችላሉ፤ የእኛም አላሳየችም።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ግቢያችን ውስጥ ፈተሽናት። ሜዳ ላይ ቆመች፤ ከጎማዎቹ ፊት ታኮ ተደረገ፤ ከፊቷም ከኋላዋም ሰው እንዳይቆም አደረግን። ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ሳበ፤ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፤ ጥቂት ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ወዲያው መጥፋት ነበረበት፤ የታሰረ ጎማ ሊያዞር አይችልምና። የእኛ ሞተር ግን መጮኹን ቀጠለ። ያኔ ገባን። ይህ ፍተሻ አንዴ ይበቃል፤ ደጋግሞ መሞከር የቀረውን ሸራ ማቃጠል ነው።

ስለ ድምፅም አጭር ቃል። ፔዳሉ ሲረገጥ መጥቶ ሲለቀቅ የሚጠፋ ጩኸት የቤሪንጉ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ እግር ሲነሣ ጮኾ ሲረገጥ ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው ይዞራል። ስትነሣ የምትንቀጠቀጥ መኪና ደግሞ ሸራው ላይ ዘይት ፈስሶ ይሆናል፤ ወይም ብረቱ በሙቀት ተበላሽቶ፣ ወይም የሞተሩ መቀመጫ ላስቲክ አልቆ ይሆናል። በመንቀጥቀጥ ብቻ ካምቢዮ እንዲወርድ አትፍቀዱ።

ሥራውን ለሌላ ጋራዥ ሰጠን፤ ከኮሚቴያችን ሁለት ሴቶች ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋሉ። መካኒኩ መጀመሪያ «ምን ያደርጉላችኋል፣ እናቶቼ፣ ሲያልቅ እደውላለሁ» ብሎ ነበር። «ልጄ፣ አንተን ለመቆጣጠር አይደለም፤ ለማየት ነው» አልነው። ቡና አስመጣልን። እስከ ማታ ድረስ አስተማሪያችን ሆነ።

ካምቢዮው ሲወርድ ሸራው ወጣ። ሸራው ከብረቱ ጋር የታሰረው በትናንሽ የብረት ምስማሮች ነው። አዲስ ሲሆን የምስማሮቹ ራስ ከሸራው ገጽ በታች ጠልቆ ይቀመጣል። ቶዮታ በመመሪያው ይህ ጥልቀት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሸራው ይጣል ይላል። በእኛ ላይ በአንዱ ጎን ምስማሩ ከሸራው ጋር እኩል ሆኖ ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ብንቆይ ብረት ከብረት ጋር ይፋጭ ነበር። ያኔ ደግሞ የሚበላሸው በርካሽ የሚተካው ሸራ አይደለም፤ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው። እሱን መካኒኩ በእጁ አብሶ አሳየን፦ ሰማያዊ የሙቀት ነጠብጣብ አለበት፣ ስንጥቅ ግን የለውም። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ገጹ ተስተካከለ።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «ያለቀው ሸራው ነው፤ ሰሌዳውና ቤሪንጉ ገና ናቸው፤ ለምን ሦስቱንም እንገዛለን?» አልን። በእቁብ ያደግን ሰዎች ነን፤ ያላለቀ ነገር መጣል አይሆንልንም። መካኒኩ ግን የእጅ ዋጋውን አስታወሰን። ካምቢዮውን ለማውረድ የሚከፈለው አንዱ ቢቀየርም ሦስቱ ቢቀየሩም ያው ነው። አሮጌው ቤሪንግ ከስድስት ወር በኋላ ቢጮኽ ያንኑ ገንዘብ ደግመን ልንከፍል ነው፤ ሁለት ቀን ሥራ መቆሙ ሳይቆጠር። አሳመነን፤ ሦስቱንም ቀየርን። ከሞተሩ በስተኋላ ያለውን ዘይት የሚይዝ ላስቲክም አብረን አስቀየርነው፤ እሱ ካፈሰሰ አዲሱን ሸራ በዘይት ነክሮ ይገድለዋልና። «ከተከፈተ አይቀር» የሚለውን ምክር መካኒኮች ሲሉን ሁልጊዜ አንቀበለው፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን ትክክል ነው።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራ የገዛነው አሮጌውን ሸራ ይዘን ሄደን ነው። ለሚኒባስ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ለሁሉም ሚኒባስ አይሆንም። ስፋቱ፣ መሐሉ ላይ ያለው የጥርሱ ብዛትና ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር ተነባብሮ ይታያል። ሻጩ «እኩል ነው፣ እህቴ፣ እመኚኝ» ሲል ፈገግ ብሎ መቁጠር ነው። የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም በግልጽ ይጻፍ። ሒሳብ ያዣችን ያለዚህ አታወራርድም፤ ደጋፊዎቻችንም የሚያዩት ያንን ነው። ያገለገለ ሸራ፣ ከተጋጨ መኪና የወጣም ቢሆን፣ እንዳንገዛ ወስነናል። ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ ቢቻልም ዘይት ጠጥቶ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ገጠማውን ስታዩ የምታስተውሉት ጥቂት ነገር አለ። ሸራው ፊትና ጀርባ አለው፤ ተገልብጦ ከገባ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ካምቢዮው ዳግም ይወርዳል። የሸራው መሐል በትክክል መሐል መሆን አለበት፤ ጥሩ መካኒክ ለዚህ የሚሆን ዘንግ አስገብቶ ያስተካክላል። ብሎኖቹ በዙሪያው ተራ በተራ ሳይሆን በትይዩ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እየተባለ ቀስ በቀስ ይጠበቃሉ። ገጹን ግራሶ በነካ እጅ የሚይዝ ሰው ካያችሁ «ልጄ፣ እጅህን ጥረግ» በሉት፤ አታፍሩ።

አሁን የምንናገረው ልብስ በማጠብ ለምትተዳደሩ እህቶች ነው፤ እባካችሁ አድምጡ። በድሮ ጊዜ የተሠሩ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን አለባቸው። የተበላው ሸራ ብናኝ ሆኖ በካምቢዮው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲከፈት ይቦናል። ይህ ብናኝ ሳምባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሳምባ ጠባሳና ካንሰር ያመጣል። በሌላው ዓለም በዚህ በሽታ ከሞቱት መካከል ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ገብተው የማያውቁ፣ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ሲያራግፉና ሲያጥቡ የተነፈሱት ሴቶች ይገኙበታል። ስለዚህ የመካኒክ ቱታ ስትቀበሉ ቤት ውስጥ አታራግፉት፤ ልጅ ባለበት አትክፈቱት። በቀጥታ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ከሌላው ልብስ ለይታችሁ እጠቡት። መካኒኩንም ብናኙን በኮምፕሬሰር አየር ከመንፋት ይልቅ በውሃ አርጥቦ እንዲጠርገው ጠይቁት። የእኛው መካኒክ ይህን አያውቅም ነበር፤ ከልጃችን ሰምቶ ተቀበለ።

ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በለሰለሰ እግር መንዳት ነው፤ አዲሱ ሸራ ከብረቱ ጋር እስኪላመድ። ከዚያ በኋላ ዕድሜው በሹፌሩ ግራ እግር ላይ ነው። ሹፌሮቻችን የሚኮሩበት ጥበብ አለ፤ «ባላንስ መያዝ» ይሉታል። ዳገት ላይ ፍሬን ሳይነኩ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ መኪናዋን አንጠልጥሎ ማቆም ነው። ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ይጠቅማል፤ ለማኅበራችን ገንዘብ ግን ጠላት ነው። ዳገት ላይ ሰልፍ ሲቆም የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ማርሽ ይውጣ፣ እግር ይነሣ። ግራ እግር ፔዳሉ ላይ እንደ መከዳ አይደገፍ። በሁለተኛ ማርሽ መነሣት ይቅር። ከተፈቀደው ጭነት በላይ አይጫን፤ «አንድ ኩንታል ጤፍ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ከእንግዲህ ኮሚቴው አይሰማም። ሹፌራችን ይህን ሁሉ በደስታ ተቀብሏል ብንል ውሸት ነው፤ ግን እየሞከረ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቅንም ይታወቅልን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቅሎታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ገበያው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ እያዞረ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን አያሻውም፤ አንድ ቀን የሚያሽከረክሩ ልጆቻችን ይህን ንግግር አንብበው ይስቁ ይሆናል። እኛ ግን አሁን የኤሌክትሪክ ሚኒባስ የምንገዛበት አቅም የለንም። ያለችንን አሮጊት በደንብ ይዘን ዓመታት ማሠራት አለብን።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። እስካሁን ትርፍ ከተከፋፈልን በኋላ መኪናዋ ስትበላሽ ተመልሰን እንዋጣለን። ባለፈው ጊዜ ለመዋጮ አራት ቀን ፈጀብን፤ ጥገናው ራሱ ግን ሁለት ቀን ነበር። ከዚህ ወር ጀምሮ ከሚኒባሷ ገቢ ላይ የጥገና ድርሻ ከክፍፍሉ በፊት ተቀንሶ በተለየ ደብተር ይቀመጥ እንላለን። ምን ያህል ይሁን የሚለውን እናንተ ወስኑ። ደጋፊዎቻችንም ካሁን ቀደም ለመሣሪያ ግዢ የሰጣችሁንን የምናወራርደው በዚሁ ደብተር ይሆናል፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ደረሰኞቹን ማየት ትችላላችሁ።

አሮጌው ሸራ ጠረጴዛው ላይ ነው። በውሃ አጥበን በወፍራም ፕላስቲክ ስለጠቀለልነው ሳትከፍቱት በላዩ ላይ ዳስሱት፤ ምስማሮቹ እጃችሁን ይነኩታል። አጠገቡ ያለው የአዲሱ ካርቶን ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሚኒባሷ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ የዘይት ዕቃው የት እንዳለና መስመሩ እስከ የት መድረስ እንዳለበት ልጃችን ታሳያለች። መንጃ ፈቃድ የሌላችሁም ኑ፤ ኮፈን ለመክፈት ፈቃድ አያስፈልግም። አሁን ጥያቄ ያላት እጇን ታውጣ።